አሮጌው ላፕቶፕና የእትዬ ያልጋነሽ ይግባኝ

ባለፈው ሳምንት የሱቄ ላፕቶፕ እንደ ወትሮው ተንደፋድፎ ከተከፈተ በኋላ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። የሚሠራበት ሲስተም ከእንግዲህ እንደማይታደስለት፣ አዲሱን ለመሸከም ደግሞ አቅም እንደሌለው በትሕትና ነገረኝ። ሰው ቢሆን ጡረታ ወጣ ይባል ነበር። እኔ ግን ዕቃ ቶሎ አልጥልም፤ ደብረ ታቦር ላይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚያድር ሰው ላፕቶፕ በየጊዜው አይለውጥም። ስለዚህ ቀላልና ነፃ የሆነ ሲስተም ልጭንበት ወስኜ ከኢንተርኔት አወረድኩ፤ ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼም ላፕቶፑን በዚያው አስነሳሁት። ነገሩ በሰላም ሲሄድ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ። «በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይቀጥል?» ይላል።

ቁልፉን ለመጫን አንድ ጣት ይበቃል፤ ጣቴ ግን አልታዘዝ አለኝ። አግዳሚው ላይ ተራ የምትጠብቅ ደንበኛዬ አየት አድርጋኝ አመመሽ እንዴ አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። ላፕቶፑን ዘግቼ የሷን ማመልከቻ በእጄ ጻፍኩላት፤ እሷም እጅ ጽሑፌን አድንቃ ሄደች። ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት፣ በሰኔ ወር፣ ልክ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ፣ ያውም ደስ እያለኝ፣ ይቀጥል ብዬ ነበር። በማግሥቱ የፈራሁትን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የምሠራው ጋሼ አድማሱ ዘንድ ነበር። ጋሼ አድማሱ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ክስ፣ መልስና ይግባኝ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ሕግ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም፤ ግን እዚያ በር ሥር ተቀምጠው ስንት ዳኛ ሲመጣ ስንት ዳኛ ሲሄድ አይተዋል። ባለጉዳዩ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያወራል፣ ያለቅሳል፣ ይራገማል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። ከዚያ ይነሱና በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ፣ ያንን ሁሉ ለቅሶና እርግማን ወደ ፍርድ ቤት አማርኛ እየመለሱ ይናገሩልኛል፤ እኔ ላፕቶፕ ላይ እመታለሁ። በወረቀት የሚቀመጥ ረቂቅ የለንም። ጽሑፉ ሲያልቅ ጋሼ ከማሽኑ ላይ ጮክ ብለው ለባለጉዳዩ ያነቡለታል፤ ማተሙ ግን ባለጉዳዩ አባሪ ማስረጃዎቹን አሟልቶ በሚመጣበት ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የሰውየው ጉዳይ ከላፕቶፑ ሆድ በቀር የትም አይገኝም።

ላፕቶፑም ላፕቶፕ ከተባለ ነው። ጋሼ ከጎንደር ከአንድ ጨረታ የገዙት፣ ፊደሎቹ ከቁልፎቹ ላይ በጣት ብዛት ተፍቀው ያለቁ፣ ሲከፈት ሰው ቁርሱን በልቶ የሚመለስበት ጊዜ የሚወስድ ማሽን ነበር። ሰው ሁሉ የራሱን ፍላሽ እያመጣ ይሰካበታል፤ ፍላሹ ሁሉ የራሱን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። እኔ በየጠዋቱ ማሽኑን ሳበራ አማትቤ ነበር የማበራው፤ ቀልዴን አይደለም።

እትዬ ያልጋነሽ የመጣችው በዚያ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ከጉና ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ብርድ አገር ነው የመጣችው። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ከሞተ በኋላ የባሏ ወንድም አብረው ሲያርሱት የኖሩትን ሁለት ጥማድ መሬት የወንድሜ ነው ብሎ አርሶ ዘራበት። ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ተረታች። ያላት ያ መሬት ብቻ ነው፤ ከሱ ሌላ የምትበላበትም የምትወድቅበትም የላትም። ለይግባኝ የተሰጣት ስልሳ ቀን ነው። ጋሼ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ቀኑን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩና ስልሳኛው ቀን በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ላይ እንደሚውል ነገሯት። ከዚያ ካለፈ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

በዚያው ቀን ጋሼ እንደ ልማዳቸው እየተንጎራደዱ ተናገሩ፤ እኔ መታሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡላት። እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንድም ቃል ሳትናገር ሰማች። የውሳኔ ግልባጩን ከወረዳ እስክታወጣ ድረስ ያ ሐሙስ ይደርሳል ስለተባለ በዚያው ቀን እንድትመለስ ተነገራትና ወደ አገሯ ሄደች።

ከዚያ ጋሼ ጉልበታቸው ታመመ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲገባ ይጠናባቸዋል፤ ፍል ውሃ ሊነከሩ ወንዛዬ ሄዱ። ሲሄዱ ቁልፉን ሰጡኝና ትእዛዛቸውን እንደ ኑዛዜ ነገሩኝ። «ሐሙስ ስትመጣ አትመሽ፣ አንብበሽላት፣ አስፈርመሽ፣ መዝገብ ቤት አስገቢ። ሌላ የምትነኪው ነገር የለም።»

እኔም ምንም ለመንካት አላሰብኩም ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ላፕቶፑ አልከፈት አለ። ሰማያዊ ሆነ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ሙሉ ወቀሳ ጻፈብኝና ጠፋ። አጥፍቼ አበራሁት፤ እንደገና ሰማያዊ። በአራተኛው ሙከራ ተከፈተ። ማክሰኞ ደግሞ በስድስተኛው። ሐሙስ ስንተኛው ላይ ሊሆን ነው? እህሌን መብላት አቃተኝ። ያቺ ሴት ከጉና ወርዳ መጥታ፣ እኔ ማሽኑ ፊት ተገትሬ፣ ሰማያዊ ገጽ ሳሳያት በዓይነ ሕሊናዬ ይመጣብኛል። ስለዚህ ረቡዕ ሳይመሽ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ አልኩ። እንግዲህ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት ከፍርሃት የተነሳ ነው፤ ለዕውቀት ብዬ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ታምራት የሚባል የኮምፒዩተር መምህር ነበር። ከወላይታ ሶዶ ተመድቦ የመጣ፣ የደብረ ታቦርን ብርድ ሁለት ጃኬት ደርቦ የሚታገል፣ ለሰው አንገቱን የሚሰጥ ልጅ ነው። ችግሬን ስነግረው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሲዲ ይዞ ሱቃችን መጣ። ሦስቱም ነፃ ሲስተሞች ናቸው፤ ለማንም የማይከፈልባቸው፣ ለማንም ቢሰጧቸው የማይከለከሉ። በማርከር የጻፈባቸው ግን እውነተኛ ስማቸውን አልነበረም። ተማሪዎቹ እንዳያምታቱ ብሎ ያወጣላቸውን ቅጽል ስም ነው፦ ሙሽራው፣ አስተማሪው፣ ገበሬው።

መጀመሪያ ሙሽራውን ሞከርን። ሳይጫን ከሲዲው ላይ ብቻ ማየት ይቻላል። እውነትም ሙሽራ ነው፤ ቀለሙ፣ መስኮቶቹ፣ ሲከፈት ያሰማው ዜማ ልብ ይወስዳል። የላፕቶፑ ማራገቢያ ግን እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ የማውሱን ቀስት ሳንቀሳቅሰው እሱ የሚንቀሳቀሰው እኔ ከረሳሁት በኋላ ሆነ። አስተማሪው የተሻለ ነበር፤ ግን ጥያቄው አያልቅም፣ አንዱን መልሼ ሌላውን ሳነብ ማያ ገጹ ደርቆ ቀረ። ገበሬው ሲገባ ግራጫ ሆኖ፣ ጌጥ ሳይኖረው፣ ጥግ ላይ አራት ምልክቶች ብቻ ደርድሮ ወዲያው ቁጭ አለ። የሚያምር ነገር አልነበረውም። ነካ ሳደርገው ግን ታዘዘኝ። ያ ደረቅ ማሽን በሕይወቱ እንዲህ ሲታዘዝ አይቼው አላውቅም።

ታምራት ለምን እንደምንጠቀምበት ጠየቀኝ። ለመጻፍና ለማተም አልኩት። እንግዲያው ገበሬው ይበቃችኋል አለ። አማርኛ ያነባል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ጥያቄውን መጠየቄን ዛሬም ለራሴ እንደ መከላከያ እቆጥረዋለሁ። ከፍላሹ አንድ ገጽ አውጥቶ ከፈተልኝ፤ ጥርት ያለ አማርኛ። ፋይሎችሽን ገልብጠሻል አለኝ። ሁለት ቦታ ገልብጫለሁ አልኩት፤ ጠንቃቃነቴን እንዲያይልኝ ሁለቱንም ፍላሽ አውጥቼ አሳየሁት። ጥያቄው ሲመጣ ይቀጥል ብዬ ተጫንኩ። ለዐሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ተጭኖ አለቀ። ፋይሎቹን መለስኩ፤ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንሰጠው፣ ዝርዝራቸው ሁሉ በቦታው አለ። አንዱንም ሳልከፍት ዘግቼ ቤቴ ሄድኩ፤ በሳምንቱ ውስጥ ራቴን በደንብ የበላሁት ያን ቀን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጉሙ ከተማው ላይ ተኝቶ ነበር። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እትዬ ያልጋነሽ ከሱቁ በር ላይ ቀድማኝ ደርሳ፣ ጋቢዋ ርሶ፣ የውሳኔ ግልባጩን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ይዛ ቆማለች። ዋዜማውን መጥታ ከዘመድ ቤት ነበር ያደረችው። እንደገባን ከጨርቅ ውስጥ ትኩስ ቅቅል ድንች አውጥታ ሰጠችኝ። አንዱን በግራ እጄ ይዤ በቀኝ እጄ ፋይሏን ከፈትኩ።

የወጣው ጽሑፍ አማርኛ አልነበረም። የፈረንጅ ፊደል፣ ሠረዝ፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ጭራ ያላቸው የማላውቃቸው ምልክቶች ገጹን ሞልተውታል። ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው። ሌላ ፋይል ከፈትኩ፤ ያው። ከፍላሹ ከፈትኩ፤ ያው። ከሁለተኛው ፍላሽ ከፈትኩ። ጋሼ በማሽኑ ላይ የሠሩት ሥራ ሁሉ፣ የስንት ሰው መሬት፣ የስንት ሰው ፍቺ፣ ሁሉም ወደዚያ የመናፍስት ጽሑፍ ተለውጧል። ድንቹ በእጄ ላይ እንዳለ ነው፤ መያዜን ግን ረስቼዋለሁ።

ማሽኑ እየሞቀ ነው፣ ትንሽ ይቆያል አልኳት። የዋሸሁት ለሷ ተጨንቄ አይደለም፤ ስለፈራሁ ነው። እሷም እሺ ልጄ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቶሎ እመጣለሁ ብዬ አንዱን ፍላሽ ይዤ ወጣሁና ሮጥኩ።

ታምራትን ከክፍል አስጠርቼ አስወጣሁት። ፍላሹን በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ከፍቶ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ነገሩን ቆሞ አስረዳኝ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በአንድ የእንግሊዝኛ ምልክት ላይ ደርበው የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ማሽኑ የሚያስቀምጠው ምልክቱን ነው፣ በላዩ ላይ የአማርኛውን ፊደል የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ጋሼ የሚጠቀሙበት ደግሞ በጣም አሮጌ ነው፤ ታምራት ያሳየኝ ገጽ የተጻፈው በአዲሱ ዓይነት ስለነበር ነው ጥርት ብሎ የተነበበው። እኔ ጽሑፉን ሁለት ቦታ ገልብጬ ፎንቱን ዲስኩ ላይ ትቼዋለሁ። እሱንም ረቡዕ ይቀጥል ብዬ አጥፍቼዋለሁ።

«ጽሑፉ አልጠፋም፤ ፎንቱን ካገኘሽ ይመለሳል» አለኝ።

ፎንቱ የት እንዳለ የሚያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ሰው ውሃ ውስጥ ስልክ ይዞ አይገባም መቼም። ከተማው ውስጥ ሌሎች ሁለት የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ነበሩ፤ ወደዚያ ሮጥኩ። በመጀመሪያው ቤት ፋይሉ ያው የፈረንጅ ትርምስ ሆኖ ተከፈተ። በሁለተኛው ቤት ልጅቱ የራሷን ፎንት ስትመርጥለት ገጹ በአንድ ጊዜ አማርኛ ሆነ፤ ደስታ ሊገለኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳነበው ግን ፊደሎቹ አማርኛ ናቸው እንጂ ቃላቱ የማንም ቋንቋ አይደሉም። የኛ ፎንት «ለ» ያለውን የነሱ «ጨ» ይለዋል መሰለኝ። ከፈረንጁ ምልክት ይልቅ ያ ገጽ አስፈራኝ። የማውቀው ሰው ከፊቴ ቆሞ ሳያውቀኝ የቀረ ያህል ነው የተሰማኝ።

ስወጣ በረዶ መዝነብ ጀመረ። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሜ ሰዓቴን አየሁ፤ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። መዝገብ ቤቱ ከምሳ በኋላ ተከፍቶ ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሴትዮዋ መሬት በሕግ የሌላ ሰው ነው። ይህን ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የባሏ ወንድም አይደለም፣ ዳኛውም አይደለም። እዚያው ቆሜ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ባሕር ዳር እህቴ ዘንድ ልጥፋ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እፍረቴን ለመናገር ያህል ነው፤ የታሪፉን ሳንቲም እንኳ በኪሴ ዳሰስኩት።

አልሄድኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ሱቁን ክፍት ትቼው ነበር የወጣሁት።

እትዬ ያልጋነሽ እንደተውኳት ተቀምጣለች። ፊቷ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑን እኔ እንደነካሁት፣ ጽሑፏ እንደጠፋ፣ ጋሼ እንደማይገኙ፣ ቀኑም ዛሬ እንደሚያልቅ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንድትጮህብኝም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝ።

«ጭራሹን ነው የጠፋው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«ዛሬ የሚገኝ አይደለም?»

አይደለም አልኳት። እንባዬ መጣ። እሷ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነችና ከአግዳሚው ላይ ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«እንግዲያስ ወረቀት አምጪ፣ ልጄ። እኔ አውቀዋለሁ።»

ምን ልታውቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ የፍርድ ቤት አማርኛ ለተማረው እንኳ ያስቸግራል። ቢሆንም ሌላ መውጫ ስላልነበረኝ ሁለት ካርቦን በሦስት ወረቀት መሃል አስገብቼ እስክሪብቶ ያዝኩ። እሷ ቆማ ግድግዳውን እያየች ጀመረች። «ይግባኝ ባይ» አለች ራሷን። «መልስ ሰጪ» አለች የባሏን ወንድም። የሥር ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የተፈጸመበት ስለመሆኑ አለች፤ በዚያ በጉና አነጋገር፣ በቀስታ፣ ጋሼ ትንፋሽ በወሰዱበት ቦታ እሷም ትንፋሽ እየወሰደች። መሬቱ በምሥራቅ ከምን፣ በምዕራብ ከማን፣ በሰሜንና በደቡብ ከምን እንደሚዋሰን አንድም ሳታዛንፍ ዘረዘረችው። የመዝገብ ቁጥሩን ሳይቀር ተናገረች፤ ከውሳኔ ግልባጩ ጋር ሳመሳክረው ልክ ነው።

እየጻፍኩ ግን መፍራቴን አላቆምኩም። የሆነ ነገር ብትዘልስ? ዳኛው ፊት አንድ ቃል ጎድሎ ቢያስረታትስ? አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ረጅም ጊዜ ቆመች። ውጭ በረዶው አባርቶ ውሃ ከቆርቆሮው ጫፍ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ረስታው ነው ብዬ እስክሪብቶዬን እንዳነሳሁ ጠበቅኳት። ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ሄደች። የሆነ ነገር የተዘለለ መስሎ ተሰምቶኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን መያዝ አቃተኝ፤ ሰዓቱም ይሮጣል። ዝም ብዬ ጻፍኩ።

ሲያልቅ እንደ ደንቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። በኛ አጻጻፍ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚል ቃል አለ፤ ከሱ ሥር ነው የሚፈረመው። እዚያ ስደርስ እንደገና እንዳነበው ጠየቀችኝ። አነበብኩት። አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ሦስቱም ቅጂ ላይ አጥብቃ ተጫነችው።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ደረስን። ሠራተኛው መነጽሩን ከፍ አድርጎ የእጅ ጽሑፌን አየው፣ ገለበጠው፣ ቆጠረው። ጋሼ አድማሱ የት ሄደው ነው አለኝ። ወንዛዬ አልኩት። ጉልበታቸው እንዴት ሆነ አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት፤ ስለ ሰው ጉልበት ሲጠየቅ እንደዚያ የተሠቃየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ማህተሙን አነሳና መታበት። ስንወጣ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ የቀዘቀዘውን ድንች ልጣ፣ ጨው ነካ እያደረገች አጎረሰችኝ።

ጋሼ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ስነግራቸው ከጠበቅኩት ያነሰ ነው የተቆጡት፤ የከነከናቸው እንዲያውም ከሳቸው ሱቅ የእጅ ጽሑፍ ወጥቶ መዝገብ ቤት መግባቱ ነበር። ፎንቱ ከቤታቸው ሣጥን ውስጥ በአሮጌ ሲዲ ተገኘ። ታምራት ገበሬው ላይ ገለበጠውና የፈረንጁ ትርምስ ዓይኔ እያየ ተመልሶ አማርኛ ሆነ። ገበሬውም ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያለ ሐሜት አገለገለን።

የመጀመሪያ ሥራዬ የእትዬ ያልጋነሽን ፋይል ከፍቼ ከካርቦን ቅጂው ጋር ማመሳከር ሆነ። ቃል በቃል ሄድኩ። እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ይለያያል፤ ቁም ነገሩ ግን ሁሉ አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የለም። መልስ ሰጪው መጥረቢያ ይዞ፣ ወደ መሬቱ ብትመጪ እገድልሻለሁ እያለ አስፈራርቶ ያባረራት ስለመሆኑ የሚለው ነው። ያን ዓረፍተ ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። ከሱቃችን በሚወጣው የመሬት ክስና ይግባኝ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ጋሼ መጥረቢያ ካልተነሳ ዳኛ ቀና ብሎ አያነብም ይሉ ነበር። ጣቶቼ ለምደውት ሳላስበው ነው የሚመቱት። እትዬ ያልጋነሽ የቆመችው እዚያ ቦታ ላይ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ዘልላዋለች፤ ይግባኟን አሳነስኩባት ብዬ እስከ ጥቅምት ድረስ ስብሰለሰል ከረምኩ።

በጥቅምት ቀጠሮዋ ደርሶ ስትመጣ ወደ ሱቅ ጎራ አለች። ጋሼ አልነበሩም። እንደ ጥፋተኛ ከፊቷ ቆሜ አንድ ነገር ረስተው ነበርና ሳላስታውስዎ ቀረሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳት።

«አልረሳሁትም» አለችኝ። «መሬቴን አረሰብኝ እንጂ መጥረቢያ አላነሳብኝም። ጋሼ ሲያነቡልኝ ሰማሁና አፌ ተያዘ። የተማሩ ሰው ናቸው፣ እንዲህ ካልተባለ አይሆን ይሆናል አልሁ። ታች ደግሞ እውነት ነው ብለሽ ፈርሚ ይላል። ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዱን ቃል ስመላለስበት ከረምሁ፤ እንዴት ብዬ እፈርማለሁ እያልሁ።»

እኔ ጽሑፉን በቃሏ የያዘችው ጆሮዋ ብርቱ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

«ያን ቀን አንቺ ጽሑፉ እንዲገኝ ስትሮጪ፣ እኔ እዚያች አግዳሚ ላይ ሁኜ እንዳይገኝ እለምን ነበር» አለችኝ።

ጉዳዩ ወደ ወረዳ ተመልሶ እንደገና ታየ፤ በዓመቱ መሬቷን መልሳ ያዘች። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ባለጉዳይ ሲረታ የሚያማቸው ሰው ነበሩ። እኔም የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ ዘመን ሆነኝ፤ ለሰው ካነበብኩለት በኋላ ብለውታል ወይ ብዬ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ደንበኞቼ በዚህ ይሰለቹብኛል።

ትናንት፣ ሲስተሙን ከመለወጤ በፊት፣ ከጋሼ ሱቅ ወርሼ ያቆየኋቸውን አሮጌ ፋይሎች እየከፈትኩ አየሁ። ከያልጋነሽ በፊት የመታኋቸው ናቸው። መጥረቢያው አለ፤ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። ከነዚህ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የአንድ ባለጉዳይ አውራ ጣት አርፎበት ነበር። ስናነብላቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ሰምተዋል፤ እኛም ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ወስደነዋል። ከነሱ መሃል ስንቱ እዚያች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጽሑፉ እንዳይገኝ ሲለምን እንደነበር ማወቅ አልችልም። የነሱ ፋይል ግን በቀጠሮው ቀን አንድ ፊደል ሳይጎድለው ተከፍቷል።